ዊንዶውስ እንደገና ከተጫነ በኋላ የቀድሞውን መመለስ ይቻላል?

ኮምፒውተር ሲንቀራፈፍ ወይም አልነሳ ሲል ብዙ ሰው የሚወስደው የመጨረሻ እርምጃ ስርዓተ ክወናውን እንደገና መጫን ነው። ኪሳራው የሚታወቀው ግን ማሽኑ ተነሥቶ ባዶ ገጽ ሲያሳይ ነው፤ የቤተሰብ ፎቶግራፍ፣ የመኖሪያ ፈቃድ ማመልከቻ፣ ለዓመታት ሲጻፍ የቆየ የአማርኛ ጽሑፍ በቦታው የለም። ይሁንና ዲስኩ ካልተፎረመተ እነዚህ ፋይሎች ብዙውን ጊዜ አልጠፉም። ዊንዶውስ ራሱ ለተወሰኑ ቀናት አስቀምጧቸዋል።

ጉዳዩ በአሁኑ ጊዜ የብዙዎች ሆኗል። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 14 ቀን 2025 ጀምሮ ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ አቁሟል። በዚህም ምክንያት ወደ ዊንዶውስ 11 የተሻገሩ ወይም ኮምፒውተራቸውን አዲስ ያስጫኑ ተጠቃሚዎች ጥቂት አይደሉም።

መነሻው ሲያትል

የዚህ ስርዓተ ክወና ታሪክ ብዙ ኢትዮጵያውያን ከሚኖሩበት የሲያትል አካባቢ ጋር የተያያዘ ነው። የማይክሮሶፍት መሥራቾች ቢል ጌትስና ፖል አለን የተገናኙት በሲያትሉ ሌክሳይድ ትምህርት ቤት ነው። ኩባንያው በ1981 ለአይቢኤም ኮምፒውተሮች ያቀረበው ዶስ የተሰኘው ስርዓት መሠረቱ ሲያትል ኮምፒውተር ፕሮዳክትስ በተባለ አነስተኛ ድርጅት ውስጥ ቲም ፓተርሰን በ1980 የጻፈው ፕሮግራም ነበር። የማይክሮሶፍት ዋና መሥሪያ ቤት ከ1986 ወዲህ ከሲያትል በስተምሥራቅ፣ ከዋሽንግተን ሐይቅ ማዶ በምትገኘው ሬድመንድ ከተማ ነው።

“ዊንዶውስ ዶት ኦልድ” ምንድን ነው?

አዲስ ዊንዶውስ በአሮጌው ላይ ሲጫን የመጫኛው ፕሮግራም የቀድሞውን ስርዓት ወዲያው አይደመስስም። “ዊንዶውስ ዶት ኦልድ” ወደተባለ ፎልደር ያዛውረዋል። ፎልደሩ የሚገኘው በዋናው ዲስክ፣ ማለትም በ“ሲ” ድራይቭ ላይ ነው። በውስጡም የቀድሞው ዊንዶውስ፣ ተጭነው የነበሩት ፕሮግራሞችና የተጠቃሚዎቹ የግል ፋይሎች ይቀመጣሉ።

ይህ ፎልደር ብዙ ቦታ ስለሚይዝ ለዘለቄታው አይቆይም። ዊንዶውስ 10 በ2015 ሲወጣ የመመለሻው ጊዜ 30 ቀን ነበር፤ በ2016 ወደ 10 ቀን ዝቅ ተደርጓል። ጊዜው ሲያበቃ ፎልደሩ በራሱ ይሰረዛል። ቦታ ለማስለቀቅ ተብሎ በዲስክ ማጽጃው ውስጥ “የቀድሞ የዊንዶውስ ጭነቶች” የሚለው ምርጫ ከተነካም ቀኑ ሳይደርስ ይጠፋል።

“ፎርማት” ሁሉ አንድ አይደለም

በአማርኛ ንግግር “ኮምፒውተሬን ፎርማት አስደረግሁ” ሲባል ማንኛውንም ዓይነት እንደገና መጫን ሊያመለክት ይችላል። ፋይሎቹ መኖር አለመኖራቸው የሚወሰነው ግን በትክክል በተደረገው ነገር ነው።

የመጀመሪያው ማሻሻል ነው፤ ለምሳሌ ከዊንዶውስ 10 ወደ 11 መሻገር። በዚህ ጊዜ የግል ፋይሎች በቦታቸው ይቆያሉ፤ የቀድሞው ስርዓትም ሙሉ በሙሉ ሊመለስ በሚችልበት ሁኔታ ይቀመጣል።

ሁለተኛው ዲስኩን ሳይፎርሙ እንደገና መጫን ነው። የቀድሞው ይዘት ወደ “ዊንዶውስ ዶት ኦልድ” ይገባል። በዚህ መንገድ የተተካን ስርዓት የሚመልስ አዝራር ባይኖርም ፋይሎቹን አንድ በአንድ ማውጣት ይቻላል።

ሦስተኛው እውነተኛው ፎርማት ነው። የዲስኩ ክፍል ከተሰረዘ ወይም ከተፎረመተ “ዊንዶውስ ዶት ኦልድ” ጨርሶ አይፈጠርም።

ከማሻሻያ በኋላ ወደኋላ መመለስ

በዊንዶውስ 11 “ሴቲንግስ” ውስጥ ገብተው “ሲስተም”፣ ከዚያም “ሪከቨሪ” የሚለውን ይክፈቱ። “ጎ ባክ” የሚለው አዝራር የሚሠራ ከሆነ የቀድሞው ስርዓት አለ ማለት ነው። ከመጫንዎ በፊት ግን የሚከተሉትን ያረጋግጡ።

• የግል ፋይሎችዎን በውጭ ዲስክ ወይም በፍላሽ ላይ ይገልብጡ። ሂደቱ ፋይሎችን እንዲጠብቅ የተሠራ ቢሆንም መሐል ላይ ሊቋረጥ ይችላል።
• ከማሻሻያው በኋላ የተከፈቱ አዳዲስ የተጠቃሚ መለያዎች ካሉ ያስወግዱ።
• በቀድሞው ዊንዶውስ ይጠቀሙበት የነበረውን የይለፍ ቃል ያስታውሱ፤ ሲመለሱ የሚጠየቁት እሱን ነው።
• ማሻሻያው በፍላሽ ተጭኖ ከሆነ ያንኑ ፍላሽ በእጅዎ ያድርጉ።
• ላፕቶፑን ከኤሌክትሪክ ጋር ያገናኙ።

ከማሻሻያው በኋላ የጫኗቸው ፕሮግራሞችና የቀየሯቸው ቅንብሮች አብረው እንደሚጠፉ ይወቁ። 10 ቀን የማይበቃ ከመሰለዎት ጊዜው ሳያልቅ በአስተዳዳሪ ፈቃድ በሚሰጥ ትእዛዝ እስከ 60 ቀን ማራዘም ይቻላል። ካለቀ በኋላ ግን ማራዘም አይቻልም።

ፋይሎችን በእጅ ማውጣት

አዝራሩ ከሌለ የፋይል ማሰሻውን ከፍተው በ“ሲ” ድራይቭ ላይ “ዊንዶውስ ዶት ኦልድ”ን ይፈልጉ። በውስጡ “ዩዘርስ” የሚል ፎልደር፣ በእሱም ውስጥ የቀድሞውን የተጠቃሚ ስም ያገኛሉ። ሰነዶች፣ ፎቶግራፎችና በዴስክቶፕ ላይ የነበሩ ነገሮች እዚያ ናቸው። ኮምፒውተሩ ፈቃድ እንደሌለዎት ቢነግርዎ አስተዳዳሪ በሆነ መለያ ገብተው “ኮንቲኒው” የሚለውን ይጫኑ። ፋይሎቹን አይቁረጡ፤ ወደ ሌላ ዲስክ ይገልብጡ፤ ከዚያም ከፍተው ያረጋግጡ።

ፕሮግራሞችን በዚህ መንገድ መመለስ አይቻልም። አንድ ፕሮግራም ሲጫን መረጃውን በስርዓቱ መዝገብ ውስጥ ስለሚያሰፍር ፎልደሩን መገልበጥ ብቻውን አያሠራውም፤ እንደገና መጫን አለበት። በኢንተርኔት ማሰሻ ውስጥ የተቀመጡ የይለፍ ቃሎችም ከቀድሞው የዊንዶውስ መለያ ጋር ተቆልፈው ስለሚቀመጡ ተገልብጠው ይከፈታሉ ብሎ መጠበቅ አይገባም።

የቆዩ የአማርኛ ጽሑፎች

ለአማርኛ ተጠቃሚ አንድ ተጨማሪ ጉዳይ አለ። የኢትዮጵያ ፊደል በዓለም አቀፉ የዩኒኮድ መለያ ውስጥ የገባው በ1999 ነው። ዊንዶውስ ከአማርኛ ፊደልና መጻፊያ ጋር ለገበያ የቀረበው ደግሞ በ2007 መጀመሪያ በወጣው ቪስታ ነው። ከዚያ በፊትና ለዓመታት ከዚያም በኋላ ብዙ መጻሕፍት፣ የማኅበራት መዝገቦችና የቤተሰብ ደብዳቤዎች የተጻፉት በቪዥዋል ግዕዝ፣ በፓወር ግዕዝና በመሳሰሉት ቅርጸ ፊደሎች ነው።

የእነዚህ ሶፍትዌሮች የቀድሞ ስሪቶች የአማርኛውን ቅርጽ በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ ያስቀምጡ ነበር። ስለሆነም ቅርጸ ፊደሉ በአዲሱ ዊንዶውስ ላይ ከሌለ ሰነዱ ሲከፈት ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደላትና ምልክቶች ይታያሉ። ሰነዱ ተበላሽቷል ብለው አይሰርዙት። በ“ዊንዶውስ ዶት ኦልድ” ውስጥ “ዊንዶውስ” የሚለውን፣ ከዚያም “ፎንትስ” የሚለውን ፎልደር ይክፈቱ። የቀድሞዎቹን ቅርጸ ፊደሎች ወደ ሌላ ቦታ ገልብጠው በአዲሱ ስርዓት ላይ ይጫኗቸው፤ ጽሑፉ እንደገና ይነበባል። ፎልደሩ ከመሰረዙ በፊት ቅርጸ ፊደሎቹን ከሰነዶቹ ጋር አብሮ ማስቀመጥ ይገባል፤ አንዳንዶቹን ዛሬ ፈልጎ ማግኘት ቀላል አይደለም።

ዲስኩ ተፎርሞ ከሆነስ?

መጀመሪያ ኮምፒውተሩን መጠቀም ያቁሙ። አዲስ የሚጻፍ ማንኛውም ነገር አሮጌውን ሊሸፍነው ይችላል። በሚሽከረከር ዲስክ ላይ በልዩ ሶፍትዌር የተወሰነውን ማዳን የሚቻልበት ዕድል አለ። ኤስኤስዲ በተባለው ዘመናዊ ማከማቻ ላይ ግን የተሰረዘው ቦታ በፍጥነት ስለሚጸዳ ተስፋው አነስተኛ ነው። ፋይሎችዎ በዋንድራይቭ ወይም በሌላ የኢንተርኔት ማከማቻ ላይ ተቀምጠው እንደነበረ ማየትም አይዘንጉ።

ለጠጋኝ ከመስጠትዎ በፊት

በሲያትልም ሆነ በአዲስ አበባ ኮምፒውተር ለባለሙያ ሲሰጥ “ዲስኩን ይፎርሙታል ወይስ ሳይፎርሙ ይጭናሉ?” ብሎ መጠየቅ ብዙ ያድናል። ማሽኑ የማይነሣ ቢሆንም እንኳ ዲስኩ ጤነኛ ከሆነ ተፈትቶ ከሌላ ኮምፒውተር ጋር በማገናኘት ፋይሎቹን አስቀድሞ ማውጣት ይቻላል። ብዙ አዳዲስ ኮምፒውተሮች ዲስካቸውን ቢትሎከር በተሰኘው ዘዴ በራሳቸው ይቆልፋሉ። እንዲህ ሲሆን 48 አሃዝ ያለው የመክፈቻ ቁልፍ ያስፈልጋል፤ ብዙውን ጊዜ በማይክሮሶፍት መለያዎ ውስጥ ተቀምጦ ይገኛል። ቁልፉን ማሽኑ ሳይበላሽ በወረቀት ጽፎ ማኖር ይመረጣል።

“ዊንዶውስ ዶት ኦልድ” የጥቂት ቀናት ዋስትና ብቻ ነው። ሊተኩ የማይችሉ ሰነዶችና ፎቶግራፎች ሁልጊዜ ከኮምፒውተሩ ውጭ፣ ቢያንስ በአንድ ሌላ ቦታ ሊኖሩ ይገባል።