የማይከፈተው መስኮት

ከጥቂት ዓመታት በፊት ላሊበላ ላለ አንድ ሆቴል ድረ ገጽ ሠርቼ ነበር። ገጹ ሲከፈት ከላይ የተነሳ የቤተ ጊዮርጊስ ፎቶ ስክሪኑን ሞልቶ ይመጣል፤ ቀስ እያለ ይቀርባል፤ መስቀሉ መሃል ላይ ሲደርስ የሆቴሉ ስም ብቅ ይላል። አዲስ አበባ ቢሮዬ ቁጭ ብዬ ሳየው፣ እውነቱን ለመናገር፣ በራሴ ኮርቼ ነበር። የሆቴሉ ባለቤት ላሊበላ ሆነው በስልካቸው ሲከፍቱት ግን የታያቸው ነጭ ገጽ ነው። ደወሉልኝ።

«ልጄ፣ ያየ ሰው ሁሉ ያምራል ይለኛል፤ እኔ ጋ ግን እምቢ አለ። ደግሞስ እንግዳው አልጋ ልያዝ ቢል የቱን ነው የሚነካው?»

አልጋ መያዣው ያለው ከፎቶው ሥር ነበር፤ ገጹን ሦስት ጊዜ ወደ ታች ስበው ካልወረዱ አያገኙትም።

በእኛ ሙያ ይሄ ክርክር አያልቅም። አንዱ «ገጹ ይፍጠን፣ ሰው የመጣበትን ጉዳይ ቶሎ ጨርሶ ይሂድ፣ ሌላው ትርፍ ነው» ይላል። ሌላው ደግሞ «እንደዚያ ከሆነ ሁሉም ገጽ መንታ ሊሆን ነው፤ ማን ያስታውሰዋል?» ይላል። እኔ እንደ ደንበኛው ሁኔታ በሁለቱም ወገን ቆሜ ተከራክሬያለሁ። ያን ቀን ግን ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ የገረመኝ ሌላ ነገር ነው። ያንን ፎቶ የመረጥኩት ብዙም ሳላስብ ነበር፤ ሰው ሁሉ የሚመርጠው እሱን ስለሆነ። ፖስተሩ ላይ እሱ፣ ቲሸርቱ ላይ እሱ፣ የጉዞ ድርጅቱ ገጽ ላይም እሱ። ላሊበላ ውስጥ ግን 11 አብያተ ክርስቲያናት አሉ። ሌሎቹስ ለምን ፎቶ ላይ አይወጡም?

አንዱ ምክንያት ግልጽ ነው። ከቀሩት ውስጥ ትልልቆቹ መጠለያ ሥር ናቸው። ላወራችሁ የፈለግኩት ስለ መጠለያው ነው፤ ግን መጠለያው ለምን እንደሚያናድድም ለምን እንደሚያስፈልግም ለመረዳት መጀመሪያ ስለ እንጨት፣ ስለ መስኮትና ስለ ዝናብ ማውራት አለብን። (ዓመቶቹን የምጠራው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

በአክሱም ዘመን ትልልቅ ቤቶች የሚሠሩት ድንጋይና እንጨት እያፈራረቁ ነበር። ድንጋዩ ይደረደራል፤ በመሃሉ አግዳሚ እንጨት ይገባል፤ አግዳሚውን ቆንጥጠው የሚይዙ አጫጭር እንጨቶች ደግሞ ግድግዳውን አቋርጠው ጫፋቸው ወደ ውጭ ይተርፋል። «የዝንጀሮ ራስ» የሚባለው ያ ጫፍ ነው። አመጣጡ ለጌጥ አልነበረም፤ ግድግዳውን የሚያስረው እሱ ነው። የድንጋይና እንጨቱን ድርብርብ ዛሬም በዓይኑ ማየት የፈለገ ሰው ከላሊበላ ከተማ ወጥቶ ይምርሐነ ክርስቶስ መሄድ ይችላል። ዋሻ ውስጥ የተሠራው ይህ ቤተ ክርስቲያን ከሩቅ ሲያዩት ጥቁር የእንጨት መስመር፣ ነጭ ልስን፣ እንደገና እንጨት፣ እንደገና ነጭ ነው።

አሁን ወደ ላሊበላ ተመለሱና ቤተ አማኑኤል ፊት ቁሙ። ግድግዳው ገባ ወጣ እያለ በአግድም ተሸንሽኗል፤ እንጨትና ድንጋይ የተፈራረቀበት ይመስላል። ግን አንድም እንጨት የለውም። ሙሉ ቤቱ ከአንድ አለት ተፈልፍሎ የወጣ ስለሆነ የሚታሰር ነገር የለም። የእንጨቱ ሥራ ቀርቶ መልኩ ብቻ ተረፈ ማለት ነው።

ዲዛይነሮች ለዚህ ስም አላቸው፦ ስኪዮሞርፊዝም ይሉታል። አፕል በ2013 አይኦኤስ 7ን ሲያወጣ ከስልኩና ከታብሌቱ ጠርጎ ያስወጣው ይህንኑ ነበር፤ ቆዳ ላይ የተሰፋ የሚመስለውን ካላንደር፣ ቢጫ ወረቀት የሚመስለውን ማስታወሻ። ያኔ ብዙዎቻችን አጨብጭበናል። «ስክሪን ስክሪን ይምሰል፣ ቆዳ ምን ይሠራል?» ብለን። የቤተ አማኑኤልን ግድግዳ ካየሁ በኋላ ግን ጭብጨባዬ ትንሽ ቀዝቅዟል። አለት ውስጥ የተቆፈረ ነገር ዋሻ ነው፤ ጉድጓድ ነው። ከሜዳው ወደ ጠባቡ ቦይ የሚወርድ ሰው ፊቱ የቆመው ቤት መሆኑን፣ ያውም የከበረ ቤት መሆኑን፣ በምን ያውቃል? አባቶቹ ቤት ብለው በሚያውቁት መልክ ነዋ። እነዚያ የድንጋይ «እንጨቶች» ምንም አይሸከሙም፤ ግን ለሰው ይናገራሉ። ከተከበረው የአክሱም ዘመን ጋር ዝምድናን ማሳየትም ለዛጉዌ ነገሥታት ቀላል ነገር አልነበረም።

ግን ድንበር አለው። በ2005 ከሮም የተመለሰው የአክሱም ሐውልት፣ 24 ሜትሩ፣ ከሥሩ በር ተቀርጾለታል።  አይከፈትም። ለመታሰቢያ ሐውልት ችግር የለውም፤ የሚገባበትም የለም። ድረ ገጽ ላይ ግን ከዚህ የባሰ ጥፋት የለም፤ በተን መስሎ ሲነኩት ዝም የሚል ነገር ሰውን ሞኝ ያደርገዋል።

ቤተ ጊዮርጊስም የማይከፈቱ መስኮቶች አሉት። ከታች ዙሪያውን ያሉት 9 መስኮቶች ድፍን ናቸው፤ ቅርጻቸው ብቻ ነው ያለው። ብርሃን የሚያስገቡት ከላይኛው ረድፍ ያሉት 12ቱ ናቸው። መጀመሪያ ይህን ሳነብ «ለጌጥ ነው» ብዬ አልፌው ነበር። ቦታው ላይ ስትቆሙ ግን ሌላ ነገር ትገምታላችሁ። ቤቱ ያለው ከመሬት በታች ነው፤ ዙሪያውን የቆመው የአለት ግድግዳ ከፍታው ከቤቱ ጋር እኩል ነው። ታች ያለ መስኮት ቢከፈት የሚያስገባው ብርሃን ትንሽ፣ የሚያስገባው የዝናብ ፍንጣሪና የመንገደኛ ዓይን ግን ብዙ ነው። ላይ ያለው መስኮት ብርሃኑን ከሰማይ ተቀብሎ ወደ ውስጥ ያወርደዋል፤ ውስጥ ያለውን ግን ለማንም አያሳይም። የእኔ ግምት ነው እንግዲህ፤ ጠራቢዎቹ ጽፈው የተዉት ነገር የለም። ግምቴ ትክክል ከሆነ ግን ታችኞቹ ቤቱን ለዓይን ሞልተው ያሳያሉ፣ ላይኞቹ ሥራውን ይሠራሉ፤ አንዱ የሌላውን ቦታ አይሻማም።

ጣራውን ደግሞ አስቡት። ሌላ ቦታ ጣራ ማንም የማያየው ክፍል ነው። ቤተ ጊዮርጊስን ግን የሚመጣ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያየው ጣራውን ነው፤ ከላይ ነው የሚመጣው። ስለዚህ አንዱ በሌላው ውስጥ የገቡት ሦስት መስቀሎች እዚያ ላይ ተቀረጹ። በእኛ ቋንቋ የፊት ገጹ ጣራው ነው። ያው የፊት ገጽ ታዲያ ክረምቱን ሙሉ ዝናብ ይቀበላል፤ ውሃው ግድግዳውን እየላሰ እንዳይወርድ ከጠርዙ ወጣ ያሉ አሸንዳዎች ከዚያው አለት ተቀርጸውለታል። ቤቱ ራሱ በደረጃ ደረጃ መደብ ላይ ከፍ ብሎ ቆሟል። አሸንዳውን ከመስቀሉ ነጥላችሁ «ይሄ ለውበት፣ ያኛው ለአገልግሎት» ማለት አትችሉም፤ አንድ ድንጋይ ናቸው። አለት ከላይ ወደ ታች ሲፈለፈል ደግሞ ቀድሞ የሚወሰነው ጣራው ነው። መሠረቱ ላይ ሲደርሱ «ለካ አሸንዳ ረስተናል» ቢሉ ተመልሶ የሚቀጠል ነገር የለም።

ይህ ማለት ግን ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ ታስቦ በአንድ ጊዜ ተሠራ ማለት አይደለም። ትውፊቱ ሥራውን በ12ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ13ኛው መጀመሪያ ለነገሠው ለቅዱስ ላሊበላና ሌሊት ሌሊት ላገዙት መላእክት ይሰጣል። አርኪዮሎጂስቱ ዴቪድ ፊሊፕሰን ግን በየዘመኑ የተደራረበ ሥራ ነው ይላል፤ እንደ ቤተ መርቆሬዎስና ቤተ ገብርኤል ወሩፋኤል ያሉት መጀመሪያ ቤተ ክርስቲያን ለመሆን እንዳልተፈለፈሉ፣ በኋላ እንደተቀየሩ ያስባል። ገብርኤል ሩፋኤልን ያየ ሰው፣ ከላይ ገደል ተሻግሮ የሚገባበትን መንገድ ሲያስታውስ፣ ነገሩ ላይገርመው ይችላል። በ1520ዎቹ የመጣው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ደግሞ ስለ ዘመን አልተጨነቀም፤ ያየውን ሲጽፍ አንባቢ አያምነኝም ብሎ ነበር የፈራው።

እንግዲህ ዝናቡ። የላሊበላ ድንጋይ እሳተ ገሞራ የተፋው፣ ቀላ ያለ፣ ለስላሳ ድንጋይ ነው። ለመሮ የተመቸ ድንጋይ ለዝናብም ይመቻል። ስምንት መቶ ክረምት ሲወርድበት ይሰነጠቃል፣ ውሃ ይመጣል፣ ይፈረፈራል። በ1950ዎቹ የተሞከረው መፍትሔ ቀላል ነበር፦ ሬንጅ መቀባት፣ በላዩም አለቱን እንዲመስል ቀይ ቀለም። ተመልከቱ፣ ያም ስኪዮሞርፊዝም ነው፤ ድንጋይ የሚመስል ቀለም ድንጋይ ላይ። ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በጣሊያናዊው አርክቴክት ሳንድሮ አንጀሊኒ የተመራው ቡድን ካከናወናቸው ሥራዎች አንዱ ያንን ቅብ ልጦ ማንሳት ነበር።

በ1978 ላሊበላ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ከመጀመሪያዎቹ 12 ቦታዎች አንዱ ሆኖ ገባ። ዝናቡ ግን መዝገብ አያነብም። በ2008 በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ አራት ግዙፍ መጠለያዎች ቆሙ፤ ቤተ መድኃኔ ዓለም፣ ቤተ ማርያምና አጠገቧ ያለው ቤተ መስቀል፣ ቤተ አማኑኤልና ቤተ አባ ሊባኖስ ከሥራቸው ገቡ። ነጭ ጣራ፣ በብረት ምሰሶ ላይ። ለማውገዝ ቀላል ነው፤ እኔም አውግዤዋለሁ። ግን ፍትሐዊ እንሁን፦ ነገሩ ጊዜያዊ ነው ተብሎ፣ ሲነሳ ዱካ እንዳይተው ታስቦ ነው የተነደፈው፤ ዝናቡንም ይዟል። እንደ አገልግሎት ብቻ ካየነው ይሠራል።

የሚሠራው ግን ለማን? ቤተ ማርያም በገና ዕለት ምን እንደሚሆን የሄደ ያውቀዋል። ካህናቱ በሁለት ይከፈላሉ፤ ግማሾቹ ቤተ ክርስቲያኑን የከበበው የአለት ግድግዳ አናት ላይ ይደረደራሉ፣ ግማሾቹ ታች ግቢው ውስጥ ይቆማሉ፤ «ቤዛ ኵሉ»ን ከላይና ከታች እየተቀባበሉ ያሸበሽባሉ። ላይ ያሉት የመላእክት፣ ታች ያሉት የሰው ልጆች ምሳሌ ናቸው። ጉድጓዱ እንግዲህ ድንጋይ የወጣበት ቀዳዳ ብቻ አይደለም፤ መድረክ ነው፣ ከላዩም ሰማይ ሊኖር ይገባል። መጠለያው ሲነደፍ «ተጠቃሚ» ተብሎ የታሰበው ድንጋዩ ነበር። የሚዘምረው ሰው ደግሞ ሌላ ተጠቃሚ ነው፤ እሱን የጠየቀው ሰው ካለ ድምፁ ሥራው ላይ አይታይም።

ጊዜያዊ የተባለውም ነገር አልተነሳም። ይህን ከኮድ ጻፊ በላይ የሚያውቅ የለም፤ «ለጊዜው ነው» ብለን የጻፍነው መስመር ነው ሁልጊዜ ከእኛ በላይ የሚኖረው። በ2018 የላሊበላ ነዋሪዎች አደባባይ ወጥተው ጮኹ፤ ጭንቀታቸው የመልክ ብቻ አልነበረም፤ ነፋስ ሲነሳ ያ ሁሉ ብረት አብያተ ክርስቲያናቱ ላይ ቢወድቅስ የሚል ነበር። በማርች 2019 የፈረንሳዩ ፕሬዝዳንት ኤማኑኤል ማክሮን መጥተው አገራቸው እንደምታግዝ ተናገሩ። ከዚያ ጦርነቱ መጣ፤ በ2021 ከተማዋ ከእጅ ወደ እጅ ተዛወረች፤ ሆቴሎቹ ባዶ ቀሩ።

ሌላ መንገድ የለም ወይ? አለ፤ ዝግ ያለ ነው። ቤተ ገብርኤል ወሩፋኤል በ2010ዎቹ በወርልድ ሞኑመንትስ ፈንድ ሲጠገን መጠለያ አልተተከለለትም። ስንጥቁ አንድ በአንድ ተፈልጎ በኖራ ቅልቅል ተሞላ፤ ጣራው ውሃ እንዳይዝ ተስተካከለ፤ የአካባቢው ሰዎችም ሙያውን ተማሩ። እንዲህ ያለ ጥገና ሪባን ተቆርጦ የሚያልቅ አይደለም፤ ክረምት በመጣ ቁጥር የሚያየው ሰው ይፈልጋል። እኔን ከጠየቃችሁኝ ወደ አሸንዳዎቹ ሐሳብ የሚቀርበው ይሄ ነው። መጠለያዎቹ ነገ ይነቀሉ ማለቴ ግን አይደለም። ከ2008 ወዲህ ዝናብ ያልነካውን አለት በአንድ ጊዜ ለክረምት ማጋለጥ ራሱን የቻለ ድፍረት ነው።

የሆቴሉን ገጽ እንደገና ሠራሁት። ስልክ ቁጥሩና አልጋ መያዣው ከላይ ወጡ፣ የሚንቀሳቀሰው ነገር ሁሉ ቀረ፣ ፎቶው በቀጭን ኔትወርክ እንዲከፈት ትንሽ ሆነ። ባለቤቱ በጊዮርጊስ ፈንታ የቤተ ማርያምን ገና እንዳደርግላቸው ጠየቁኝና ራሳቸው ያነሱትን ፎቶ ላኩልኝ። ነጭ የለበሱ ካህናት ግድግዳው አናት ላይ ተደርድረዋል፤ አንድ የመጠለያ ምሰሶ ደግሞ ፎቶውን ለሁለት ሰንጥቆ ቆሟል። ምሰሶውን ቆርጬ ላውጣው ወይ አልኳቸው።

«ተወው» አሉኝ። «እንግዳው መጥቶ የሚያየው እሱን አይደል?»