ከቤት ውጭ ለሚነድ የሸክላ ምድጃ የእንጨት ጠረጴዛ አሠራር

በየጁቤም ሆነ በቢቸናና በሞጣ ከሰል የሚያነድ ቤተሰብ ምድጃውን ብዙውን ጊዜ መሬት ላይ አስቀምጦ ይጠቀማል። ወጥ የምታማስል እናት ወገቧን አጉብጣ ትውላለች፤ የሚድኽ ሕፃንም በቀላሉ ፍሙ ዘንድ ይደርሳል። ምድጃውን በግቢ ውስጥ በእንጨት ጠረጴዛ ላይ ማስቀመጥ ሁለቱንም ችግር ያቃልላል። ይሁን እንጂ እንጨትና ፍም ጎረቤት የሚሆኑበት ዕቃ በመሆኑ አሠራሩ የተለየ ጥንቃቄ ይጠይቃል።

ላቀች በሚል ስም የሚታወቀው ምድጃ ውጩ ቆርቆሮ፣ ውስጡ ሸክላ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በኬንያ ከተስፋፋው ምድጃ ጋር በአሠራሩ ይመሳሰላል። ሸክላው ሙቀት ይዞ ስለሚያቆይ ከሰል ይቆጥባል። ያው ጠባዩ ግን እሳቱ ከጠፋ በኋላም የምድጃውን ሥር ለረጅም ጊዜ ትኩስ አድርጎ ያቆየዋል። እንጨት ነበልባል ባይነካውም በተደጋጋሚ ሲሞቅ ቀስ በቀስ ይከስላል፤ የከሰለ እንጨት ደግሞ ካልከሰለው ባነሰ ሙቀት ይቀጣጠላል። ስለዚህ ጠረጴዛው ለወራት ያለ ችግር ማገልገሉ ለነገ ዋስትና አይሆንም።

መፍትሔው በምድጃውና በጣውላው መካከል ድንጋይና አየር ማስገባት ነው። በጠረጴዛው ላይ አራት ጡቦች ይቀመጣሉ፤ በእነርሱ ላይ ሰፊ ጠፍጣፋ ድንጋይ ይጋደማል፤ ምድጃው የሚያርፈው በድንጋዩ ላይ ነው። ከድንጋዩ ሥር ቢያንስ 5 ሳንቲ ሜትር ክፍት ቦታ መቅረት አለበት። አንዳንዶች ለማማር ሲሉ ክፍተቱን በጭቃ ይመርጉታል፤ ይህ ድካሙን ሁሉ ከንቱ ያደርገዋል፤ እንጨቱን የሚያድነው በዚያ የሚያልፈው ነፋስ ነውና። ድንጋዩ ከምድጃው በየአቅጣጫው አንድ ስንዝር ያህል ቢሰፋ ከአመድ ማውጫው የሚወድቅ ፍም ጣውላው ላይ አያርፍም። ከወንዝ የመጣ ድንጋይ በደንብ ሳይደርቅ እሳት ቢቀርበው ሊፈነዳ ይችላል።

ከፍታውን ለመወሰን የጠረጴዛውን ብቻ መለካት ያሳስታል። ጡቡ፣ ድንጋዩ፣ ምድጃውና ድስቱ ተደራርበው 50 ሳንቲ ሜትር ሊደርሱ ይችላሉ። የድስቱ አፍ ቆሞ ከሚሠራው ሰው ክርን ዝቅ ማለት ስላለበት፣ ለብዙ ሰው ጠረጴዛው ራሱ ከ45 እስከ 50 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ይበቃል። በሦስት ጉልቻ እንደለመድነው ሦስት እግር ወጣ ገባ መሬት ላይ አይወላገድም፤ ሆኖም ወደ ጎን ሲገፋ በቀላሉ ይገለበጣል። አራት እግር ሆኖ በአግዳሚና በሰያፍ እንጨት ቢታሰር ይሻላል። በዙሪያው ከጣውላው ከፍ ያለ ክፈፍ ቢመታለት ድንጋዩ አይንሸራተትም። በውጭ አገር የሚታወቀው እንቁላል መሰል የሸክላ መጥበሻ ግን አንዳንዱ ዓይነት 70 ኪሎ ግራም ገደማ ስለሚመዝን ለዚያ ወፍራም ሞራሌ ያስፈልጋል።

በአካባቢው በቀላሉ የሚገኘው ባሕር ዛፍ ነው። እርጥቡን መሥራት ግን አይመከርም፤ ሲደርቅ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል። ጣውላው በጥላ ሥር፣ በየመካከሉ ቀጭን እንጨት እየገባ ተደርድሮ ቀስ ብሎ ይድረቅ። መድረቁን ለማወቅ አንዱን ጣውላ በየሳምንቱ መመዘን ነው፤ ክብደቱ መቀነስ ሲያቆም ለሥራ ደርሷል። ምስማር ከመመታቱ በፊት ቀዳዳው በመሰርሰሪያ ይከፈት፤ አለዚያ ጫፉ ይተረተራል። ዋንዛ ለዚህ ሥራ እጅግ ያማረ እንጨት ቢሆንም አገር በቀል ዛፍ በመሆኑ ከመቁረጥ በፊት የወረዳውን ግብርና ጽሕፈት ቤት መጠየቅ ይገባል። ጥድ በውስጡ ቅባት ስላለው ለእሳት ጎረቤትነት አይመረጥም።

ምስጥን ለመከላከል እግሮቹን በጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ማቆም ይጠቅማል። ለአጥር ቋሚ የሚቀባው የተቃጠለ የሞተር ዘይት ለዚህ ጠረጴዛ አይሆንም፤ ምግብ የሚሠራበት፣ እሳትም የሚነድበት ነውና። ቫርኒሽም ከድንጋዩ አጠገብ ባይቀባ ይመረጣል።

ክረምት ሲገባ ጠረጴዛውን ከነምድጃው ወደ ቤት ማስገባት የሚያጓጓ ነው፤ አደጋውም እዚህ ላይ ይከብዳል። ከሰል ሲነድ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም ስለሌለው የተኛ ሰው ሳይነቃ ሊገድለው ይችላል። ለዝናብ የሚበጀው ዙሪያው ክፍት የሆነ፣ ከድስቱ በላይ ከፍ ብሎ የተሠራ የቆርቆሮ ዳስ ነው፤ የሣር ክዳን ግን ለፍንጣሪ የተጋለጠ ነው።