ኤስቶኒያዊው የትግል ጀግና ክርስትያን ፓሉሳሉ



የግሪክና የሮማ ትግል የሚባለው ጨዋታ ሕጉ ጥብቅ ነው፤ ይኸውም ታጋዩ ባላጋራውን ከወገብ በታች ሊይዝ ወይም በእግሩ ሊጠልፍ አይፈቀድለትም። በነፃ ትግል ግን ሁለቱም የተፈቀደ ነው። ስለዚህ በአንደኛው የሠለጠነ ሰው ወደ ሁለተኛው ሲሻገር ብዙ ጊዜ ይቸገራል።

በአውሮጳ አቆጣጠር በ1936 ዓ.ም. በበርሊን በተደረገው የኦሊምፒክ ጨዋታ ግን አንድ ሰው በከባድ ሚዛን ሁለቱንም አሸነፈ። ከእርሱ በፊትም ሆነ በኋላ በዚህ ሚዛን በአንድ ኦሊምፒክ ይህን ያደረገ የለም። ሰውየውም በ1908 ዓ.ም. በኤስቶኒያ ምዕራባዊ ጠረፍ ከገበሬ ቤተ ሰብ የተወለደው ክርስትያን ፓሉሳሉ ነው።

ኤስቶኒያ በዚያን ጊዜ ሕዝቧ ከአንድ ሚሊዮን እምብዛም የማይበልጥ ትንሽ አገር ነበረች። ፓሉሳሉ በመጀመሪያ በነፃ ትግል የቼኮስሎቫኪያውን ክላፑኽን ቀድሞ ወርቁን ወሰደ። ጥቂት ቀናት ብቻ ዐርፎ በግሪክና በሮማ ትግል ተሰለፈ። ጀርመኖች በገዛ ከተማቸው ተስፋቸውን የጣሉት በኩርት ሆርንፊሸር ላይ ነበር፤ ነገር ግን ስዊድናዊው ኒማን ሁለተኛ፥ ሆርንፊሸር ሦስተኛ ሲሆኑ፥ አንደኛነቱ እንደገና የፓሉሳሉ ሆነ። በተከታዩም ዓመት በፓሪስ የአውሮጳን ሻምፒዮናነት ጨመረበት።

ከዚህ በኋላ የገጠመው ትግል ዳኛ የሌለው ነበር። በ1940 ዓ.ም. ሶቪየት ኅብረት ኤስቶኒያን ያዘች፤ በ1941 ዓ.ም. ፓሉሳሉ በሰሜን ሩስያ ወደሚገኘው ወደ ኮትላስ የግዳጅ ሥራ ሰፈር ተወሰደ። ከጓደኞቹ ጋር ሊያመልጥ ሲሞክር ተይዞ ሞት ተፈረደበት። ፍርዱ ተለውጦለት ከፊንላንድ ጋር በሚደረገው ጦርነት እንዲዘምት ወደ ግንባር ተላከ። እርሱ ግን አጋጣሚውን ጠብቆ ወደ ፊንላንዶች ተሻግሮ እጁን ሰጠ። ፊንላንዶች ራሳቸው ትግል ወዳድ ሕዝብ ናቸውና ስሙ ለእነርሱ እንግዳ አልነበረም። እነርሱም ወደ አገሩ እንዲመለስ አደረጉ።

ሌላ ሰው ቢሆን በስደት መኖርን በመረጠ ነበር። ፓሉሳሉ ግን ከጦርነቱም በኋላ በዚያው በሶቪየት አስተዳደር ሥር በአገሩ ኖረ። ያረፈውም በ1987 ዓ.ም. በታሊን ከተማ ነው። በበርሊን ሁለት ጊዜ የተሰቀለለት ሰንደቅ ዓላማ በዚያን ጊዜ በአገሩ ገና የተከለከለ ነበር፤ ኤስቶኒያ ነፃነቷን የመለሰችው ከአራት ዓመት በኋላ በ1991 ዓ.ም. ነው።