ማርጋሬት ሃሚልተን፦ በሳምንት ደመወዝ የተቀጠረችው ጠንቋይ

በ1930ዎቹ የሆሊውድ ፊልም ሥራ ውስጥ፣ ከመሪ ተዋንያን በታችና በጅምላ ተቀጥረው የሕዝብ ትዕይንት ከሚያደምቁት በላይ፣ ፊታቸውን ሁሉም የሚያውቀው ስማቸውን ግን ጥቂቶች ብቻ የሚያስታውሱት የተዋንያን ክፍል ነበረ። የገጸ ባሕርይ ተዋንያን የሚባሉት እነዚህ ባለሙያዎች ነገረኛ ጎረቤት፣ ግልፍተኛ የቤት ሠራተኛ ወይም ሐሜተኛ አክስት እየሆኑ ደጋግመው የሚቀርቡ ሲሆኑ፣ የሚፈለጉትም ለቁንጅናቸው ሳይሆን ገና ብቅ ሲሉ ተመልካቹ ምን ዓይነት ሰው እንደመጣ እንዲያውቅ ለሚያደርገው መልካቸውና ድምፃቸው ነበር። በረጅም አፍንጫዋ፣ በሾለ አገጭዋና በቀጭን ድምፅዋ የምትታወቀው ማርጋሬት ሃሚልተን ከዚህ ክፍል ወገን ነበረች፤ ዝናዋ ግን እንደ ጓደኞቿ ከፊልም ቤት ብቻ የመነጨ አልነበረም፣ ይልቁንም ፊልሙ ከተሠራ ከብዙ ዓመት በኋላ በቴሌቪዥን አማካይነት ወደየመኖሪያ ቤቱ የገባ ነው።

ሃሚልተን በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት፣ በክሊቭላንድ ከተማ ታኅሣሥ ወር 1902 (ዓመታቱ በሙሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው) የተወለደች ሲሆን፣ ቦስተን በሚገኘው የዊሎክ ማሠልጠኛ የመዋዕለ ሕፃናት መምህርነትን ተምራ በዚሁ ሙያ ሠርታለች። በትውልድ ከተማዋ ቴአትር ቤት ልምድ ካካበተች በኋላ በ1932 በኒውዮርኩ ብሮድዌይ በቀረበ አንድ ተውኔት ላይ የተጫወተችው ሚና፣ ተውኔቱ በዓመቱ ወደ ፊልም ሲለወጥ ወደ ሆሊውድ አሻገራት። ትዳሯ በ1938 ሲፈርስ አንድ ልጇን ለብቻዋ የማሳደግ ኃላፊነት ወደቀባት፤ የሙያ አካሄዷም በዚህ ኃላፊነት የተቃኘ ነበር ማለት ይቻላል። በዘመኑ ስቱዲዮዎች ተዋንያንን ለዓመታት በሚዘልቅ ውል አስረው በሚያዙበት ሥርዓት ውስጥ፣ እሷ ለየትኛውም ስቱዲዮ ሳትፈርም ዋጋዋን በሳምንት 1,000 ዶላር ወስና በየፊልሙ በተናጠል ትቀጠር ነበር። ብልህ ስሌት ነበር፤ ዋጋዋ የተለጠጠ የገጸ ባሕርይ ተዋናይት የምትተካው በርካሽዋ ነውና።

ሜትሮ ጎልድዊን ሜየር የተባለው ስቱዲዮ የፍራንክ ባውምን የልጆች መጽሐፍ ወደ ፊልም ሲለውጥ፣ ክፉዋ የምዕራብ ጠንቋይ እንድትሆን መጀመሪያ የታሰበችው በምርጥ ረዳት ተዋናይት ዘርፍ የመጀመሪያውን የኦስካር ሽልማት የወሰደችው ጌል ሶንደርጋርድ ነበረች። በመነሻው ሐሳብ ጠንቋይዋ የምታምር ነበረች፤ ስቱዲዮው አስቀያሚ እንድትሆን በመወሰኑ ሶንደርጋርድ ሚናውን ስትተወው፣ መጽሐፉን ከልጅነቷ ጀምራ የምትወደው ሃሚልተን ተቀበለችው። በፊልሙ ውስጥ ሁለት ሆና ትታያለች፤ አንደኛዋ ጠንቋይዋ ስትሆን፣ ሁለተኛዋ ደግሞ የዋና ገጸ ባሕርይዋን የዶሮቲን ውሻ ልትወስድ በብስክሌት የምትመጣው የካንሳስዋ ሀብታም ወይዘሪት ጋልች ናት። ስለ ጠንቋይዋ ብዙ ቢባልም የተዋናይቷ ብቃት ይበልጥ የሚለካው በወይዘሪቷ ነው። ወገቧን ቀጥ አድርጋ፣ ባርኔጣዋን አጥብቃ፣ ፊቷን ሳታፈታ ፔዳሉን ስትመታ ልጅ ሁሉ የሚያውቃት ክፉ ጎረቤት ናት፤ የያዘችውም አስማት ሳይሆን ከፖሊስ ሹሙ የወጣ የትእዛዝ ወረቀት ነው።

ቀረጻው የተጠናቀቀው ያለ አደጋ አልነበረም። ታኅሣሥ 23 ቀን 1938 ጠንቋይዋ በጭስና በእሳት ተሸፍና በፊልሙ ውስጥ ካለው የድንክዬዎች አገር የምትሰወርበት ትዕይንት ይቀረጽ ነበር። አሠራሩ፣ ጭሱ ሲነሣ ተዋናይቷ ከወለሉ ሥር በተዘጋጀ አሳንሰር ወደ ታች ወርዳ ከተሰወረች በኋላ እሳቱ እንዲፈነዳ የሚያደርግ ነው። የመጀመሪያው ሙከራ ተሳክቶ ሳለ ሲደገም እሳቱ ጊዜውን ቀድሞ በመነሣቱ፣ ገና ያልወረደችውን ተዋናይት ባርኔጣና መጥረጊያ አቀጣጠለው፤ እሷም ፊቷ ላይ ሁለተኛ ደረጃ፣ ቀኝ እጇ ላይ ደግሞ ሦስተኛ ደረጃ፣ ማለትም የቆዳውን ውፍረት ሁሉ የሚጎዳ ቃጠሎ ደረሰባት። ችግሩን ያባሰው ሜካፑ ነበር። አረንጓዴው ቀለም መዳብ ስለነበረበት በተቃጠለ ቆዳ ላይ ሊቆይ የማይችል መርዝ ነው፤ በመሆኑም ቁስሉ ላይ ያለው ቀለም ወዲያውኑ በአልኮል እየታሸ ተነሣ። ስድስት ሳምንት ያህል ታክማ ስትመለስ ቅድመ ሁኔታዋ አንድ ነበር፦ ከእንግዲህ ከእሳት ጋር እንዳትሠራ። ጭስ በሚተፋ መጥረጊያ ላይ ተቀምጣ እንድትቀረጽ ስትጠየቅም እምቢ አለች፤ በእሷ ፈንታ የተቀመጠችው ምትክ ተዋናይት ቤቲ ዳንኮ የጭሱ ቱቦ ፈንድቶ እግሯ ላይ ክፉኛ ቆሰለች። የሃሚልተን ጥርጣሬ መሠረት እንደነበረው ይኸው በቂ ማስረጃ ነው።

በ1939 የወጣው ፊልም ከፍተኛ ወጪ ስለወጣበት በመጀመሪያው ዙር ዕይታ ትርፍ አላስገኘም፤ አንዳንድ የጠንቋይዋ ክፍሎችም ሕፃናትን እጅግ ያስፈራሉ ተብለው ከመውጣቱ በፊት ተቆርጠው ስለነበር፣ በመጨረሻው ቅጂ እሷ የምትታየው 12 ደቂቃ ያህል ብቻ ነው። ሁኔታውን የለወጠው ሲቢኤስ የተባለው የቴሌቪዥን ድርጅት በ1956 ፊልሙን ማሳየቱና ከ1959 ጀምሮ ደግሞ በየዓመቱ መድገሙ ነው። ፊልም ቤት ውስጥ አንዴ ታይቶ ይረሳ የነበረው ፊት በየዓመቱ ሳሎን ድረስ የሚመጣ እንግዳ ሆነ፤ በመሀል ከብዙ በጥቂቱ በ«ኦክስ ቦው ኢንሲደንት» (1943)፣ በ«አሥራ ሦስት መናፍስት» (1960) እና በሮበርት አልትማን «ብሩስተር ማክላውድ» (1970) የሠራቻቸው ሚናዎችም በጠንቋይዋ ጥላ ሥር ተሸፈኑ። በ1970ዎቹ በማክስዌል ሃውስ ቡና ማስታወቂያ ላይ ኮራ የተባለች ባለሱቅ ሆና ለዓመታት መቅረቧ ይህን ጥላ በመጠኑ ሳይገፈው አልቀረም።

የቀድሞዋ መምህርት ልጆችን ማስፈራቷ ያሳስባት ስለነበር፣ በ1975 ፍሬድ ሮጀርስ በሚያዘጋጀው የልጆች የቴሌቪዥን ፕሮግራም ላይ ቀርባ፣ የጠንቋይዋን ልብስ በካሜራ ፊት እየለበሰች ነገሩ ሁሉ ጨዋታ መሆኑን በረጋ አንደበት አስረዳች። በዓመቱ በ«ሰሳሚ ስትሪት» የልጆች ዝግጅት ላይ መጥረጊያዋ የጠፋባትን ጠንቋይ ሆና ስትቀርብ ግን ውጤቱ ተቃራኒ ሆነ፤ ልጆቻችን ፈሩ የሚሉ የወላጆች ደብዳቤዎች በመብዛታቸው ክፍሉ ዳግመኛ እንዳይተላለፍ ተወሰነ፣ በኢንተርኔት ላይ የወጣውም በ2022 ነው። ልዩነቱን የፈጠረው፣ በመጀመሪያው ፕሮግራም ልብሱ ሲለበስ መታየቱ በሁለተኛው ግን ጠንቋይዋ እንደተሟላች መምጣቷ ይመስላል።

ሃሚልተን ግንቦት 1985 በኮኔቲከት ግዛት በ82 ዓመቷ አረፈች። በሕይወት ዘመኗ ለኦስካር አንድም ጊዜ አልታጨችም። የአሜሪካ የፊልም ተቋም በ2003 ባወጣው የፊልም ክፉ ገጸ ባሕርያት ዝርዝር ውስጥ ጠንቋይዋ አራተኛ ደረጃ ይዛለች፤ የሚቀድሟት ሃኒባል ሌክተር፣ ኖርማን ቤትስና ዳርት ቬደር ናቸው፣ ከሴቶቹ ግን የሚቀድማት የለም።