ፉጨትና ፊሽካ

እንግሊዞች በአንድ ቃል የሚጠሩትን ነገር እኛ በሁለት ለይተን እንጠራዋለን። በከንፈር የሚወጣው ፉጨት ነው፤ ከንፈር ላይ ተደርጎ የሚነፋው መሣሪያ ደግሞ ፊሽካ ይባላል። ሁለቱ ቃላት በዕድሜም በትውልድም የተለያዩ ናቸው።

ፉጨት የቆየ ቃል ነው። በግዕዝ ፋጸየ የተባለው ግስ በአማርኛ ጸ ወደ ጨ ተለውጦ አፏጨ ሆኗል። አማርኛም ቃሉን ለሰው አፍ ብቻ አልተወውም፤ ነፋስ በበር ስንጥቅ ሲገባ ያፏጫል፤ ጥይትም በጆሮ አጠገብ እያፏጨ ያልፋል። በመጽሐፍ ቅዱስ ደግሞ ሁለት የማይመሳሰሉ ትርጉሞች ይዞ ይገኛል። በትንቢተ ኢሳይያስ ምዕራፍ 7 ቁጥር 18 እግዚአብሔር በግብፅ ያለውን ዝንብና በአሦር ያለውን ንብ በፉጨት ይጠራል። በትንቢተ ኤርምያስ ምዕራፍ 19 ቁጥር 8 ግን በጠፋችው ከተማ አጠገብ የሚያልፍ ሰው ያፏጫል፤ ይኸኛው መደነቅና መዘባበት እንጂ ጥሪ አይደለም። አያቶቻችን «በሌሊት አታፏጭ፤ እባብ ትጠራለህ» እያሉ የሚከለክሉን፣ የመጀመሪያውን ትርጉም ይዘው ይመስለኛል።

ፊሽካ በአንጻሩ እንግዳ ነው። ፋብሪካና ጎማ ከመጡበት ከጣልያንኛ ለመምጣቱ፣ ፊስኪዮ ከሚለው ቃላቸው ጋር ያለው ዝምድና ይመሰክራል። መሣሪያውን ግን ዛሬ በምናውቀው መልክ የሠራው በእንግሊዝ አገር በበርሚንግሃም ከተማ ይኖር የነበረው ጆሴፍ ሀድሰን ነው። የለንደን ፖሊሶች እርዳታ ለመጥራት እያሽከረከሩ የሚያንቋቁት የእንጨት መሣሪያ ነበራቸው፤ በ1883 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ያንን ትተው የሀድሰንን ፊሽካ ያዙ። በተከታዩ ዓመት ደግሞ በሆዱ ውስጥ አተር የምታህል የቡሽ ድቡልቡል ያለችበትን ፊሽካ አወጣ። ትንፋሽ ሲገባ ድቡልቡሏ እየተሽከረከረች የአየሩን መውጫ ትዘጋለች፣ ትከፍታለች። ስለዚህ ድምፁ ይንቀጠቀጣል፤ በሕዝብ ጩኸት መካከልም ተለይቶ ይሰማል። ቀድሞ መሀረብ ያውለበልብ ለነበረው የኳስ ዳኛ ከዚህ የተሻለ መሣሪያ ሊገኝለት አይችልም ነበር። በ1962 በአዲስ አበባ ለአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ የ90 ደቂቃው ፊሽካ ሲነፋ ኢትዮጵያና ግብፅ 2 ለ 2 ነበሩ፤ ከተጨማሪው ሰዓት በኋላ የተነፋው ግን 4 ለ 2 ማሸነፋችንን አበሠረ።

እንግሊዞች የተሰወረ በደል የሚያጋልጠውን ሰው «ፊሽካ ነፊ» ይሉታል። እኛ ጠቋሚ እንለዋለን፤ በዚህ ጉዳይ ከፊሽካ ይልቅ ጣት መርጠናል ማለት ነው።

ፊሽካ ትእዛዝ ነው። የስፖርት አስተማሪያችን ሲነፋ እንሰለፋለን እንጂ መልሰን የምንለው ነገር የለም። ፉጨት ግን መልስ ይጠብቃል። ለዚህ ከማውቀው ምስክር ሁሉ የሚበልጥብኝ የቦረናዎች ነው። በሰሜን ኬንያ የሚኖሩት ቦረናዎች፣ ከድንበሩ ወዲህ ያሉት የወገኖቻችን ወንድሞች፣ ማር ፍለጋ ሲወጡ ፉሊዶ የሚሉትን ኃይለኛ ፉጨት ያሰማሉ። በተገጣጠመ ጡጫ፣ በቀንድ አውጣ ቅርፊት ወይም በተቦረቦረ የዘንባባ ፍሬ ይነፉታል፤ ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይም ይሰማል። የሚጠሩት ሰውን አይደለም፤ ወደ ማር የምትመራ አንዲት ወፍ ናት። ወፊቱ ስትሰማ ትመጣለች፤ እየጮኸችም ከዛፍ ዛፍ እየዘለለች የዱር ንብ ወዳለበት ታደርሳቸዋለች። እነሱ ንቡን በጢስ አባረው ማሩን ይቆርጣሉ፤ ሰሙና እጩ ለእርስዋ ይተርፋል። ሁሴን ኢሳክና ሃይንዝ ኡልሪች ራየር በ1989 ባሳተሙት ጥናት እንደ ገለጹት፣ ቦረናዎቹ በማያውቁት ስፍራ አንድ የንብ ቤት ለማግኘት ያለ ወፊቱ በአማካይ 8.9 ሰዓት ይፈጅባቸዋል፤ እርስዋ ስትመራቸው ግን 3.2 ሰዓት ይበቃቸዋል።

በአንዳንድ የአፍሪካ ስፍራዎች ግን ስኳር በየሱቁ ስለሚገኝ ሰዎች በየዱሩ ማር መፈለግን ትተዋል። በዚያም ወፊቱ ሰውን መምራት ትታለች።