ስድሳ መራጮች፣ ሁለት አሸናፊዎች፦ የኮንዶርሴ ሒሳብና የብዙኃን ፈቃድ

ፈረንሳዊው ማርኪ ደ ኮንዶርሴ የአብላጫ ድምፅን በሒሳብ የመረመረበትን መጽሐፉን ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1785 ነው። አብዮቱ ሊፈነዳ አራት ዓመት ይቀረው ነበር፤ አገሪቱም የምትገዛው በንጉሥ ነው። የሳይንስ አካዳሚው ዋና ጸሐፊ ግን ብዙ ሰዎች ተሰብስበው የሚወስኑት ውሳኔ ምን ያህል ሊታመን እንደሚችል ያሰላ ነበር።

የመጀመሪያው ግኝቱ ተስፋ ሰጪ ነው። እያንዳንዱ መራጭ በራሱ አእምሮ ከፈረደና ከመሳሳት ይልቅ ለእውነት ከቀረበ፣ የመራጮቹ ቁጥር በበዛ መጠን አብላጫው ትክክል የመሆን ዕድሉ ወደ እርግጠኝነት ይጠጋል። መራጮቹ ለስህተት የሚቀርቡ ከሆነ ግን ስሌቱ ይገለበጣል፤ ብዛታቸው ስህተቱን ያባብሰዋል። ኮንዶርሴ በ1792 ትምህርት በየደረጃው በነፃ እንዲሰጥ ለሕግ አውጪው ጉባኤ ያቀረበው ዕቅድ ከዚህ ስሌት ተነጥሎ መነበብ የለበትም።

ሁለተኛው ግኝቱ ይበልጥ ያስጨንቃል። ስድሳ መራጮች ሀ፣ ለ እና ሐ የተባሉ ሦስት ዕጩዎችን በቅደም ተከተል አስቀመጡ እንበል። ሃያ ሦስቱ ሀ፣ ለ፣ ሐ አሉ፤ 17ቱ ለ፣ ሐ፣ ሀ፤ ሁለቱ ለ፣ ሀ፣ ሐ፤ 10ሩ ሐ፣ ሀ፣ ለ፤ የቀሩት 8 ደግሞ ሐ፣ ለ፣ ሀ። ሁለት ሁለቱ ሲወዳደሩ ሀ ለን 33 ለ27 ይረታል፤ ለ ሐን 42 ለ18፤ ሐ ደግሞ ተመልሶ ሀን 35 ለ25። ማንም የተምታታ ሐሳብ አልያዘም፤ ሕዝቡ በአንድነት ሲጠየቅ ግን መልሱ ዙሪያውን ይሽከረከራል።

የመጀመሪያ ምርጫ ብቻ ከተቆጠረ ሀ በ23 ድምፅ ያሸንፋል። የአካዳሚው ባልደረባ ዣን ሻርል ደ ቦርዳ እንዳቀረበው ለአንደኛ ሁለት፣ ለሁለተኛ አንድ ነጥብ ከተሰጠ ግን ለ በ69 ነጥብ ይመራል፤ ሀ 58 ላይ ይቀራል። አንድም መራጭ ሐሳቡን አልቀየረም፤ የተቀየረው የቆጠራው ደንብ ነው።

አሜሪካዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ ኬኔት አሮው በ1951 ነገሩን ከሥሩ ዘጋው። አማራጮቹ ሦስትና ከዚያ በላይ ሲሆኑ፣ ፍትሐዊ የሚባሉ ጥቂት መመዘኛዎችን በአንድ ላይ የሚያሟላ የምርጫ ቅደም ተከተልን የማጣመሪያ ደንብ እንደሌለ አረጋገጠ። በ1972 ኖቤል ተሸለመ። ይህ ግኝቱ ዴሞክራሲን የሚያፈርስ ማስረጃ ተደርጎ መወሰዱ ስህተት ይመስላል፤ የሚያሳየው የደንብ ምርጫ ራሱ ፖለቲካዊ ውሳኔ መሆኑን ነው።

የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 54 በየምርጫ ክልሉ ከተወዳዳሪዎች መካከል አብላጫ ድምፅ ያገኘ እንዲመረጥ ይደነግጋል። በዚህ ደንብ በ2007 ዓ.ም. በተካሄደው ምርጫ በወቅቱ ገዢ የነበረው ግንባርና አጋሮቹ 547ቱንም የፓርላማ መቀመጫዎች ይዘዋል። ለውጤቱ ሌሎች ከባድ ምክንያቶች አሉት፤ ደንቡ ግን የተሸናፊውን ድምፅ ወደ ወንበር አይመነዝርም። ስለዚህ የቆጠራው ክርክር ለሕግ ባለሙያዎች ብቻ ሊተው አይገባም፤ የሒሳብ መምህራንም የኮንዶርሴን ስድሳ መራጮች በየክፍላቸው ሰሌዳ ላይ ጽፈው ተማሪዎቻቸውን ሊያስቆጥሩ ይገባል።