ግዕዝ በዩኒቨርሲቲ ወንበር፦ የወንጌላውያን ድርሻና ዕዳ

መግቢያ

ከመርካቶ ወደ ምዕራብ በሚሄዱ ታክሲዎች በር ላይ ወያላው «ቀራንዮ! ቀራንዮ!» እያለ ይጣራል። በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ የምናገለግል መጋቢዎች ይህን ጥሪ በቀን ስንት ጊዜ እንደምንሰማው ቈጥረን አናውቅም። ቃሉ ግን ወንጌላዊው ሉቃስ በምዕራፍ 23 ቁጥር 33 ጌታ የተሰቀለበትን ስፍራ የጠራበት የግሪክ ቃል ነው፤ ትርጉሙም የራስ ቅል ማለት ነው። ከግሪኩ ወደ ግዕዙ ወንጌል፣ ከግዕዙ ወደ ቤተ ክርስቲያን ስም፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ወደ ሰፈሩ፣ ከሰፈሩም ወደ ወያላው አፍ ደረሰ። አብዛኞቻችን በየቀኑ በአፋችን ስለምናመላልሰው ስለዚህ ቋንቋ የምናውቀው ጥቂት ነው።

በየነገረ መለኮት ትምህርት ቤቱ ግሪክና ዕብራይስጥ ተምረናል፤ የግዕዝን ግስ የቈጠርን ግን ጥቂቶች ነን። ለዚህ የምንሰጠው ምክንያትም የታወቀ ነው፦ «ግዕዝ የኦርቶዶክስ ቋንቋ ነው» እንላለን። ይህ ጽሑፍ ይህን አባባል በታሪክ ይመዝናል። ግዕዝ በዓለም ዩኒቨርሲቲዎች የትምህርት ወንበር ያገኘው በእነማን እጅ እንደሆነ፣ በዚያ ታሪክ ውስጥ የወንጌላውያን ክርስቲያኖች ድርሻ ምን እንደነበረና የዛሬው ቸልተኝነታችን ምን እያስከፈለን እንደሆነ ያሳያል። «ዓ.ም.» ተብሎ በግልጽ ካልተጠቀሰ በቀር ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ከህንድ የተወሰደ ምሳሌ

ወደ ግዕዝ ከመግባታችን በፊት አንድ እኅት ታሪክ እናንሣ። ሳንስክሪት ለህንድ፣ ግዕዝ ለኢትዮጵያ እንደሆነው ሁሉ፣ በአፍ መፍቻነት የሚነገርበት ዘመን ካለፈ በኋላ በቅዱሳት መጻሕፍት፣ በጸሎትና በቅኔ የቆየ ቋንቋ ነው። ጫማ ሰፊ የነበረው የባፕቲስቱ ሚስዮናዊ ዊልያም ኬሪ በ1793 ህንድ ገባ። ከ1801 ጀምሮም በካልካታ በፎርት ዊልያም ኮሌጅ ቤንጋሊኛና ሳንስክሪት አስተማረ። የሳንስክሪት ሰዋስው አዘጋጀ፤ በ1808 ደግሞ ሐዲስ ኪዳን በሳንስክሪት ታተመ። በዚያው ኮሌጅ የሊቃውንቱ አለቃ ምሪቱንጃይ ቪድያላንካር የተባሉ ብራህማን ነበሩ፤ ኬሪም ከእርሳቸው እግር ሥር ተምሯል።

በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ በ1832 የተተከለው የሳንስክሪት ወንበርም ምንጩ እንዲሁ ነው። ጆሴፍ ቦደን የተባለ መኰንን በ1811 በተጻፈ ኑዛዜው ሀብቱን የተወው ቅዱሳት መጻሕፍት ወደ ሳንስክሪት እንዲተረጐሙና ህንዳውያን ወደ ክርስትና እንዲመጡ በማሰብ ነበር። ወንበሩ ከለጋሹ ሐሳብ አልፎ የሄደው ብዙም ሳይቈይ ነው፤ ከዚያ የወጡት መዝገበ ቃላትና የጽሑፍ እትሞች ዛሬ ህንዳውያን ራሳቸው ይጠቀሙባቸዋል። ለስብከት ተብሎ የተዘራው ለእውቀት አፈራ። በዚህ ታሪክ ሁለት ነገር ልብ እንበል፦ አንደኛ፣ ሚስዮናዊው የጥንቱን ቋንቋ የሌላ ሃይማኖት ነው ብሎ አልሸሸውም። ሁለተኛ፣ ብቻውን አልተማረውም፤ የአገሬው ሊቅ አስተማረው።

ጎታ፣ 1652

የግዕዝም ታሪክ መልኩ ይህን ይመስላል። የግዕዝ መዝሙረ ዳዊት በሮም በ1513 ታትሞ ነበር። ከ1548 እስከ 1549 ደግሞ የደብረ ሊባኖሱ መነኵሴ አባ ተስፋ ጽዮን ከጓደኞቻቸው ጋር ሐዲስ ኪዳንን በግዕዝ በዚያው በሮም አሳተሙ። ሆኖም ቋንቋውን በሥርዓት ያጠናው ሰው ከአንድ መቶ ዓመት በኋላ የመጣው የኤርፉርቱ ሉተራዊ ሂዮብ ሉዶልፍ ነው። በ1649 ሮም ላይ አባ ጎርጎርዮስ ከተባሉ ኢትዮጵያዊ ካህን ጋር ተገናኘ። አባ ጎርጎርዮስ የአማራ ሰው፣ ከመካነ ሥላሴ የመጡ ነበሩ። በ1652 የጎታው መስፍን ኤርንስት ጋበዛቸውና በቤተ መንግሥቱ ከሉዶልፍ ጋር ቁጭ ብለው ሠሩ። ሉዶልፍ ይጠይቃል፣ አባ ጎርጎርዮስ ይመልሳሉ፤ ቃሉ ይጻፋል፣ አገሩና ልማዱ ይተረካል።

ከዚህ ንግግር የግዕዝ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት በ1661፣ ታላቁ የኢትዮጵያ ታሪክ በ1681፣ የአማርኛ ሰዋስው ደግሞ በ1698 ታተሙ። አባ ጎርጎርዮስ ይህን ፍሬ አላዩም። ወደ አገራቸው ሲመለሱ በ1658 በሜድትራንያን ባሕር መርከባቸው ሰጥሞ አረፉ። አውሮፓ የኢትዮጵያ ጥናት መሥራች ብሎ የሚያከብረው ሉዶልፍን ነው፤ ፍትሐዊ ታሪክ ግን ሁለት መሥራቾችን ይቈጥራል። አንዱ ሉተራዊ፣ አንዱ ኢትዮጵያዊ ካህን ነበሩ። በእምነት አንድ ሳይሆኑ በአንድ ገጽ ላይ ተጐንብሰው መሥራታቸው ለእኛ የሚናገረው ነገር አለ።

የብሉይ ኪዳኑ መምህር

በ19ኛው መቶ ዘመን ሚስዮናዊው ዮሐን ሉድቪግ ክራፕፍ ከኢትዮጵያ የሰበሰባቸው የብራና መጻሕፍት ወደ ቲዩቢንገን ዩኒቨርሲቲ ገቡ። በዚያ የነገረ መለኮት ተማሪ የነበረው አውጉስት ዲልማን (1823–1894) ከመምህሩ ከኤዋልድ ሥር ሆኖ ግዕዝን ጀመረ፤ ዕድሜውንም ሰጠው። በ1851 የመጽሐፈ ሄኖክን ግዕዝ አሳተመ፤ በ1857 ሰዋስውን፣ በ1865 መዝገበ ቃላቱን አወጣ። ኋላም በበርሊን የብሉይ ኪዳን መምህር ሆነ። መዝገበ ቃላቱ ዛሬም ከግዕዝ ተመራማሪ ጠረጴዛ አይጠፋም።

ዲልማን ግዕዝን የያዘው ለመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት ሲል ነበር። መጽሐፈ ሄኖክ ሙሉው የሚገኘው በግዕዝ ብቻ ነው፤ የይሁዳ መልእክት ቁጥር 14 እና 15 ደግሞ ከእርሱ ይጠቅሳል። መጽሐፈ ኩፋሌም እንዲሁ ሙሉ ሆኖ የተጠበቀው በግዕዝ ነው። የሐዲስ ኪዳንን ዓለም ለማወቅ የሚሻ የአውሮፓ ምሁር ግዕዝ መማር ግድ ሆነበት። እኛ ደጃፋችን ላይ ያለውን ምንጭ ትተን በእንግሊዝኛ የተተረጐመውን መጥቀሳችን የሚያስገርም ነው።

የዲልማን ሥራ ግን አንድ ጐደሎ ነበረው፤ በዓይን እንጂ በጆሮ አልተማረም። የግዕዝ ፊደል የሚጠብቀውንና የሚላላውን አይለይም። ተነሽ፣ ወዳቂ፣ ሰያፍና ተጣይ የሚባሉትን የንባብ ስልቶች የሚያውቅ በንባብ ቤት መምህሩ ፊት ቆሞ የተማረ ሰው ነው። ይህን ጐደሎ ለመሙላት ዩኒቨርሲቲው ራሱ ወደ ኢትዮጵያ ፊቱን ማዞር ነበረበት።

አለቃ ታየ በበርሊን

የእኛ ቤተ ክርስቲያን ታሪክ ከዚህ ታሪክ ጋር የሚገጥመው እዚህ ላይ ነው። አለቃ ታየ ገብረ ማርያም በቤጌምድር ተወልደው በልጅነታቸው ወደ ምጽዋ ወረዱ፤ በምንኩሉ በስዊድን ወንጌላዊ ሚሲዮን ትምህርት ቤት ተማሩ። በዚያ አልቆሙም። ወደ አገር ቤት ተመልሰው በአብነት ትምህርት ቤት ቅኔና መጻሕፍት ጠለቁ። መጽሐፍ ቅዱስን ከወንጌላውያን፣ ግዕዝን ከሊቃውንት ወሰዱ፤ ሁለቱንም አልጣሉም። ስለ እምነታቸው ክስ በተነሣባቸው ጊዜ ከሳሾቻቸውን የመለሱላቸው ከራሳቸው ከሊቃውንቱ መጻሕፍት እየጠቀሱ ነበር።

በ1905 ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በጀርመን መንግሥት ጥያቄ ወደ በርሊን ላኳቸው፤ በዚያም በምሥራቅ ቋንቋዎች ትምህርት ቤት ግዕዝና አማርኛ አስተማሩ። ከእርሳቸው ጋር ከሠሩት መካከል ኦይገን ሚትቮህ ይገኝበታል፤ ይህ ምሁር በ1926 ስለ ግዕዝ ባህላዊ ንባብ ያሳተመው ጥናት በመስኩ የታወቀ ነው። እንግዲህ የጀርመን ተማሪ ግዕዝን ከኢትዮጵያዊ አፍ ሲሰማ፣ አፉ የወንጌላዊ አማኝ አፍ ነበር። አለቃ ታየ ወደ አገራቸው ከተመለሱ በኋላም መከራ አልተለያቸውም፤ ብዕራቸው ግን አልነጠፈም። የኢትዮጵያን ሕዝብ ታሪክ ጽፈው በአሥመራ በሚሲዮኑ ማተሚያ ቤት በ1922 ታተመላቸው፤ በ1924 አረፉ። «ግዕዝ የእኛ አይደለም» የሚል ወንጌላዊ የራሱን አባት ስም ከመዝገብ ይፍቃል።

ስድስት ኪሎና ከዚያ ወዲያ

በአገራችን የዘመናዊው ከፍተኛ ትምህርት መሠረት በ1950 ተጣለ። በ1963 በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሲቋቋም ብራናው፣ ታሪኩና ቋንቋው በአንድ ጣሪያ ሥር ተሰበሰቡ። በዚያ ካስተማሩት አንዱ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ (1931–2021) ናቸው። ከአብነት ትምህርት ተነሥተው በካይሮ ነገረ መለኮት ተማሩ፤ በ1962 በቲዩቢንገን ዶክትሬታቸውን ተቀበሉ። በአብዮቱ ዘመን በጥይት ተመትተው ለዕድሜ ልክ በተሽከርካሪ ወንበር ቢቀመጡም፣ በአሜሪካ በሚኒሶታ የኢትዮጵያን ብራናዎች በማይክሮፊልም እያነበቡ ዝርዝራቸውን አዘጋጁ። በ1988 የማክአርተር ሽልማት ተሰጣቸው።

ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ግዕዝ በፊሎሎጂ ትምህርት እስከ ዶክትሬት ይጠናል፤ ሌሎች ዩኒቨርሲቲዎችም ጀምረዋል። በካናዳ የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ በ2017 የግዕዝ ክፍል ሲከፍት ከለጋሾቹ አንዱ ወላጆቹ ኢትዮጵያውያን የሆኑት ዘፋኝ አቤል ተስፋዬ ነበር፤ 50,000 ዶላር ሰጠ። ዘፋኙ ለግዕዝ ወንበር ሲያዋጣ ሰባኪው ምን አዋጣ ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ቸልተኝነት የሚያስከፍለው

ጉዳዩ የክብር ብቻ ቢሆን በዚህ ባበቃን ነበር። ነገር ግን ስብከታችንን ይነካል። ሁለት ምሳሌ እንይ።

የመጀመሪያው ቃል ነው። በመድረኮቻችን «ሃይማኖት አያድንም» የሚለው አባባል የተለመደ ነው። ሰባኪው ማለት የፈለገው የወግና የድርጅት አባልነት አያድንም ነው፤ ሐሳቡ ትክክል ነው። በግዕዝ ግን ሃይማኖት ማለት ከአሚን ጋር በአንድ ቤት የሚውል ቃል ነው፤ ማመን፣ መታመን ማለት ነው። በግዕዙ ሐዲስ ኪዳን የጳውሎስ «እምነት» የተተረጐመው በእነዚህ ሁለት ቃላት ነው። በ1954 ዓ.ም. በታተመው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስም ቃሉ በ2ኛ ጢሞቴዎስ 4፥7 እና በይሁዳ ቁጥር 3 በዚሁ ጥንታዊ ትርጉሙ አለ። እንግዲህ በቀራንዮ መንገድ ዳር ቆሞ የሚያዳምጥ መጻሕፍት አዋቂ ካህን ከእኛ የሚሰማው «እምነት አያድንም» የሚል ነው። ሉተር የቆመለትን ቃል እኛው ራሳችን በአደባባይ እናፈርሰዋለን። ካህኑ «እነዚህ ምን ዓይነት ሰዎች ናቸው?» ቢል የምንወቅሰው በምን አፋችን ነው?

«ጽድቅ»ም እንዲሁ ነው። በዕለት ንግግራችን «ለጽድቅ ብሎ ሰጠ» ስንል ዋጋ የሚያስገኝ በጎ ሥራ ማለታችን ነው። በግዕዝ የቃሉ ሥር እውነተኛ መሆንን፣ ቀጥ ማለትን፣ በፍርድ ፊት ነጻ መውጣትንም ይይዛል። «በእምነት ጸደቅን» ብለን ስንሰብክ ሰሚው የዕለቱን ትርጉም ይዞ ከተቀመጠ፣ የጸጋው ወንጌል በጆሮው ወደ ሥራ ዋጋ ይለወጣል። መፍትሔው ቃሉን መጣል አይደለም፤ ሥሩን ቈፍሮ ማሳየት ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ ታሪክ ነው። በ15ኛው መቶ ዘመን በአፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን የተሰደዱትን ደቂቀ እስጢፋኖስን «ከሉተር በፊት የነበሩ ፕሮቴስታንቶች» ብሎ ማስተማር ከእኛ ዘንድ ተወዷል። ታሪካቸውን በሰፊው ያወቅነው ፕሮፌሰር ጌታቸው ገድላቸውን ከግዕዝ ወደ አማርኛ መልሰው በ1996 ዓ.ም. ስላሳተሙልን ነው። ገድሉን ያነበበ ሰው ለሥላሴ ብቻ እንሰግዳለን ብለው ደማቸውን ያፈሰሱ ምስክሮችን ያገኛል፤ ልብ ይነካሉ። ከዚያው ገጽ ግን ጾማቸውን፣ ገዳማዊ ሥርዓታቸውንና የመነኵሴ ቆባቸውን ጠብቀው የያዙ አባቶችን ያገኛል። የእነርሱን ጥብዓት ማክበር መብታችን ነው፤ ያላሉትን በአፋቸው ማስገባት ግን የሐሰት ምስክርነት ነው። ምንጩን የማያነብ ሰባኪ ይህን መለየት አይችልም።

መደምደሚያ

ግዕዝ በዩኒቨርሲቲ ወንበር የተቀመጠው በአንድ ወገን እጅ አይደለም። ኢትዮጵያዊ ካህን አስተማረ፣ ሉተራዊ ጻፈ፤ ሚስዮናዊ ብራና ሰበሰበ፣ የብሉይ ኪዳን መምህር መዝገበ ቃላት አዘጋጀ፤ ወንጌላዊው አለቃ ታየ በበርሊን ወንበር ላይ ተቀመጡ። እኛ የዚህ ቤት ወራሾች ነን፤ ባዕድ መስለን በደጅ የቆምነው በራሳችን ፈቃድ ነው።

ስለዚህ የሚከተለውን ለመምህራንና ለሴሚናሪ ኀላፊዎች አቀርባለሁ። ግዕዝ ከግሪክና ከዕብራይስጥ ጐን ቢያንስ ለአንድ ዓመት ይሰጥ። የሚያስተምረውም የአብነት ትምህርት ያለፈበት ሰው ይሁን፤ የኦርቶዶክስ መምህር ቢሆንም አንፈር፣ ኬሪ ከብራህማኑ፣ ሉዶልፍም ከአባ ጎርጎርዮስ ለመማር አላፈሩምና። ከተማሪዎቻችንም ሁለት ሦስቱን ወደ ስድስት ኪሎ የፊሎሎጂ ክፍል እንላክ።

መጋቢ ለሆነው አንባቢ ደግሞ ከዚህ ያነሰ ሥራ አለ። በመጪው እሑድ በስብከትህ ካሉት ቃላት አንዱን፣ ጸጋን ወይም ቤዛን ወይም ንስሐን ምረጥና በአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ የግዕዝ መዝገበ ቃላት ሥሩን ፈልግ። መጽሐፉ በ1948 ዓ.ም. የታተመው ከመምህራቸው ከመምህር ክፍለ ጊዮርጊስ በተቀበሉት ውጥን ላይ ዕድሜያቸውን ጨርሰው ሠርተውት፣ በደቀ መዝሙራቸው በደስታ ተክለ ወልድ እጅ ነው። ሦስት ትውልድ የደከመበትን መጽሐፍ አንድ ምሽት ማገላበጥ አይከብድም። ከዚያ በኋላ ወያላው «ቀራንዮ!» ሲል የምትሰማው የመውረጃህን ስም ብቻ አይሆንም።